ወራጅ አለ

ስሜ ካቲራቫን ነው፤ በቼናይ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ፣
ፊሽካ በጥርሴ ነክሼ፣ ፌርማታ በስሙ ገላጭ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዱ ሰፈር ላይ ስንደርስ፣
«ኤሪ! ኤሪ! ወራጅ አለ!» እላለሁ ድምፄ እስኪበጠስ።
ኤሪ ማለት በእኛ አፍ፣ በታሚል፣ ሐይቅ ነው።
ግን ማን ያስበዋል? ስም እንደ ሳንቲም ነው፣
በእጅ ብዛት መልኩ የሚጠፋው።

እኔ ሐይቋን ደርሼባታለሁ።
እናቴ ሸምበቆ ስታጭድ ከዳር ቀንድ አውጣ ለቅሜያለሁ።
ኋላ የጭነት መኪና መጣ፣ የሌላ ሰፈር ፍርስራሽ ጭኖ፣
ሌሊት ሌሊት እየደፋ፣ ውሃው ቀስ በቀስ መሬት ሆኖ፣
መሬቱ ደግሞ ካሬ ሜትር፣ ካሬ ሜትሩ ደግሞ ካርታ፣
ካርታው ደግሞ አሥራ አንድ ፎቅ፤ ከታች ጋራዥ፣ ከላይ ጌታ።

የኮምፒዩተር ልጆች መጡ፣ ከኮቺ፣ ከሃይደራባድ፣
የሠላሳ ዓመት ብድር በጫንቃቸው፣ እንደ ግንድ።
አልፈርድባቸውም እኔ፤ ቤት ነው እንጂ ሐይቅ አልገዙም፤
ሻጩ ያልነገራቸውን ከወለል በታች አያዩም።

ከአጥሩ ማዶ፣ በቦዩ ዳር፣ ደረቅ ዓሣ ሻጯ ፖናማል
በግንቡ ላይ በኖራ ታሰምራለች፤ «እስከዚህ ይመጣል»
ትላለች፣ ከራሷ በላይ አንድ ስንዝር ለክታ።
የነዋሪው ማኅበር ዘበኛውን ያዛል፦ ይቀባ።
ቢንዴሽዋሪ ይቀባል። እሷ ታሰምራለች። ይቀባል።
እሱ ግን የቢሃር ሰው ነው፣ የኮሲ ወንዝ ልጅ፤
መስመር ማንበብ ያውቃል።

ያን ዓመት የኅዳር ዝናብ ሦስት ቀን ሳይተነፍስ ጣለ፤
ከላይ ያሉት ሐይቆች ሞልተው አንዱ ላንዱ አቀበለ።
የመጨረሻው አውቶቡሴ ሲደርስ፣ ማታ በአራት ሰዓት፣
ቆርቆሮውን ደብድቤ፣ እንደ ልማዴ ስጠራት፣
«ኤሪ! ወራጅ አለ!»

አቤት አለችኝ።

በቦዩ አይደለም፣ በዋናው በር መጣች፤
ካርታም አላሳየች፣ ፈቃድም አልጠየቀች።
ከጋራዡ መኪኖቹን እንደ ከብት አስነሣች፣
ሊፍት ውስጥ እንደ ነዋሪ ገብታ አንደኛ ፎቅ ወጣች።

መብራት ጠፋ። ስልክ ጠፋ። ሾፌሬ «እንመለስ» አለ፤ ወዴት?
ከኋላችን መንገድ የለም፤ አውቶቡሱ ደሴት።
ከቦዩ ዳር ጎጆዎች ሰው ልጁን በአናቱ ተሸክሞ
ከግቢው በር ተከመረ፤ ቢንዴሽዋሪ ከውስጥ ቆሞ።
ደንቡ «እንግዳ ይመዝገብ» ይላል፤ ስም፣ ሰዓት፣ የቤት ቁጥር።
መዝገቡን አየ፣ ውሃውን አየ፤
መዝገቡን ለቀቀው፣ እንዲሻገር።

ከዚያ የጣራውን ቁልፍ አወጣ።

አሥራ አንድ ፎቅ፣ በጨለማ ደረጃ፤ እኔ ከታች ፊሽካ ስነፋ፦
አንድ ረጅም፣ ቁም። ሁለት አጭር፣ ሂድ። ሰው ሰውን እንዳይገፋ።
ፖናማል ዓሣዋን ትታ የጎረቤቷን ሽባ አዝላ አለፈች፤
ከሰባተኛ ፎቅ አንዲት ወጣት በባዶ እግሯ፣ ሻማ ይዛ መጣች።
እኔ ቆጠርኩ፤ ልማድ ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት።
ትኬት አልቆረጥኩም።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች። ከጣራው ጫፍ አየናት፣
ኤሪን፣ ሙሉዋን፤ ሸምበቆው ብቻ ጎድሏት።
አንድ ልጅ «ስታምር!» አለ።
እናቱ ቆነጠጠችው፤ ግን እሷም ዓይኗን አልነቀለች።

ውሃው ሸሸ። ማኅበሩ ተሰበሰበ። ቃለ ጉባኤ ተጻፈ።
«ጣራ ያለ ፈቃድ በመክፈት» የቢንዴሽዋሪ የወር ደመወዝ ተገፈፈ።
ፈረመ። ምንም አላለ።
የቁልፉን ቅጂ ግን አስቀርጾ ለፖናማል ሰጣት፤
ዛሬ ከሚዛኗ ሥር በቀይ ክር ታስሮ ይወዛወዛል፣
ላላወቀ የሚዛን ድንጋይ ይመስላል።

ፌርማታው አዲስ ስም ወጣለት፤ «ሮያል ጋርደን» ነው አሁን።
እጠራዋለሁ፤ እንጀራዬ ነው።
ግን በመጨረሻው ጉዞ፣ ተሳፋሪው ሲያልቅ፣
እንቅልፍ የወሰደው ሰው አጠገብ እንደቆመ፣
ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ኤሪ» እላለሁ።

«ወራጅ አለ» ግን አልልም።